በአጥንት የቀረ ሒሳብ፤ የፕሉቶኒየም ሠራተኞች ገላ እንዴት እንደ ተለካ

ባለፈው ክረምት ከመሐላችን አንዱ ከሚሴ ላይ ከባጃጅ ወድቆ ክንዱን ተጎዳና ራጅ እንዲነሣ ደግፈን ወሰድነው። ከሚሴን ያለፈባት ሁሉ ያውቃታል፤ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ የተዘረጋች፣ ቦርከና ወንዝና የጨፋ ረግረግ አጠገቧ ያሉ፣ ሙቀቷ የማይቻል፣ በአንድ ጆሮ ኦሮምኛ በሌላው አማርኛ የሚሰማባት ከተማ ናት። ራጅ የሚያነሡት ሰው የጓደኛችንን ክንድ አስተካክለው ወደ ከለላው ሲሄዱ ደረታቸው ላይ የተሰካች ትንሽ የፕላስቲክ ነገር አየን። ስም የለባትም፤ ቁጥር ብቻ ነው ያለባት።

«ጋሼ፣ ይች ደረትዎ ላይ ያለችው ምንድን ናት?» ብለን ጠየቅናቸው።

«እሷ ለናንተ አይደለችም ልጆቼ፤ ለኔ ናት። ስንት ጨረር እንደ ጠጣሁ የምትቆጥር ናት» አሉን።

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን «ጠጣሁ» የሚለው ቃል ነው። እኛ የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች እንጂ የፊዚክስ ሰዎች አይደለንም፤ ነገር ግን የሰው ገላ ምን ያህል እንደ ጠጣ ማን ቆጠረ፣ እንዴትስ ቆጠረ፣ ቁጥሩንስ ከማን ወሰደ የሚለው ጥያቄ የታሪክ ጥያቄ ነው ብለን እናምናለን። ስለዚህ ትምህርት ሲከፈት ቤተ መጻሕፍት ገብተን ያገኘነውን ለአንባቢ እናቀርባለን። የውጭውን ታሪክ ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገር ቤቱን በኛው ጽፈናል።

መጀመሪያ ነገሩን ለይተን እንነሣ። በአገራችን የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 79/1986 ተቋቁሞ እንደነዚያ ሰው ያሉ ሠራተኞች ደረታቸው ላይ መቁጠሪያ እንዲያደርጉ ሆኗል። ያች መቁጠሪያ የምታውቀው ግን ከውጭ መጥቶ ገላን አልፎ የሚሄደውን ጨረር ነው። የጨረሩ ምንጭ ራሱ እንደ አቧራ ተንኖ በአፍንጫ ቢገባስ? በቁስል በኩል ደም ውስጥ ቢቀላቀልስ? በተለይም ጨረሩ አንዲት ወረቀት እንኳ ማለፍ የማይችል ዓይነት ከሆነ ደረት ላይ ያለችው ቁራጭ ፕላስቲክ ምንም አታይም። ፕሉቶኒየም እንዲህ ያለ ነገር ነው። አልፋ የሚባለውን ጨረር ይተፋል፤ አልፋ በሰው ቆዳ ይመከታል። ውስጥ ከገባ ግን ሳንባ ላይ፣ ጉበት ላይ፣ አጥንት ላይ ይቀመጥና አጠገቡ ያለውን ሕዋስ ያለ ዕረፍት ይደበድባል። ለቦምብ የሚሆነው ዓይነት ኃይሉ በግማሽ እስኪቀንስ 24,100 ዓመት ይፈጅበታል። የሰው ዕድሜ እዚህ ላይ ከቁጥር አይገባም።

ፕሉቶኒየም የተገኘው በ1941 መጀመሪያ በካሊፎርኒያ በርክሌይ፣ በግሌን ሲቦርግና በጓደኞቹ እጅ ነው። ያኔ በዓይን አይታይም ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ለአቶም ቦምብ ሲባል በግራም፣ ቀጥሎም በኪሎ ሊመረት ሆነ። ሲቦርግ ራሱ ጥር 1944 ላይ ይህ ነገር ሠራተኛው ገላ ውስጥ ቢገባ አደጋ ነውና ይጠና ብሎ ጻፈ። ያስፈራውም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የራዲየም ሴቶች ታሪክ ከሁሉም አእምሮ አልጠፋም ነበርና።

እነዚያ ሴቶች በኒው ጀርሲ ከ1917 ጀምሮ በጨለማ የሚያበራ የሰዓት ቁጥር የሚቀቡ ወጣቶች ነበሩ። ብሩሹ ጫፉ እንዲሾል በከንፈራቸው ያሾሉት ነበር፤ እንዲያ እንዲያደርጉም ተምረዋል። በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ራዲየም ዋጡ። ራዲየም ገላን እንደ ካልሲየም ሆኖ ያታልላል፤ አጥንት ውስጥ ይገባል። ጥርሳቸው ረገፈ፣ መንጋጋቸው በሰበሰ፣ ሞቱም። በ1925 ሐሪሰን ማርትላንድ የተባለ ሐኪም ነገሩን አጋለጠ፤ በ1928 አምስት ሴቶች ኩባንያውን ከሰው ካሣ ተቀበሉ። ከነሱ ገላና ከነሱ መሰሎች በተገኘ ልኬት በ1941 አንድ ቁጥር ወጣ፤ አንድ ሠራተኛ በገላው ውስጥ ከ0.1 ማይክሮግራም በላይ ራዲየም አይኑርበት የሚል። ማይክሮግራም ማለት የአንድ ግራም ሚሊዮንኛ ነው፤ አንዲት የጨው ቅንጣት እንኳ በአሥሮች የሚቆጠር ማይክሮግራም ትመዝናለች።

እንግዲህ ልብ እንበል፤ ይህ ዘርፍ ገና ሲወለድ የመጀመሪያው የደኅንነት ቁጥር የመጣው ከሞቱ ሠራተኞች አጥንት ነው።

አሁን ወደ ሎስ አላሞስ እንሂድ። ሎስ አላሞስ ቦምቡ የተሠራበት በኒው ሜክሲኮ ተራራ ላይ ያለ የምሥጢር ከተማ ነው። ነሐሴ 1 ቀን 1944 ዶን ማስቲክ የሚባል የ23 ዓመት ኬሚስት 10 ሚሊግራም ፕሉቶኒየም የያዘች ትንሽ ብልቃጥ በእጁ እያለች ፈነዳችበትና ፈሳሹ አፉ ውስጥ ገባ። የዚያን ጊዜ 10 ሚሊግራም ማለት ከጠቅላላው የዓለም ፕሉቶኒየም ቀላል የማይባል ድርሻ ነው። ዶክተር ሉዊስ ሄምፕልማን አፉን ደጋግሞ አጠበው፤ ጨጓራውንም በቱቦ አጠበው። ወጣቱ ከመለኪያው መሣሪያ ሁለት ሜትር ያህል ርቆ ሲተነፍስ የመሣሪያው መርፌ ከልኩ አልፎ ይሄድ ነበር። ከጨጓራው የወጣውን ፈሳሽ ደግሞ ምን አደረጉት ቢሉ፣ መልሰው ለራሱ ለማስቲክ ሰጡት፤ ፕሉቶኒየሙን አጣርቶ እንዲያወጣ! ንብረቱ ውድ ነዋ። ሰውዬው ዕድለኛ ሆኖ እስከ 87 ዓመቱ ኖረ።

ከዚህ በኋላ ሄምፕልማን ዝም ማለት አልቻለም። አንድ ሠራተኛ ምን ያህል እንደ ገባበት የምናውቅበት መንገድ የለንም ብሎ ለኦፐንሃይመር አመለከተ። ኦፐንሃይመርም ጥናቱን ፈቀደ፤ በሰውና በእንስሳ ገላ የሚደረገው ግን ቢቻል ሌላ ቦታ ቢሆን ይሻላል የሚል ሐሳብ ነበረው። ሌላ ቦታ ሆነም።

የቀረው መንገድ ሽንት ነበር። ዘዴውን በ1945 መጀመሪያ ያበጀው ራይት ላንግሃም የተባለ ኬሚስት ነው። ነገሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ሠራተኛው ከሥራ ቦታው ሁለት ቀን ያህል ይርቃል፤ ምክንያቱም ልብሱና እጁ ላይ ያለች አንዲት ብናኝ ሽንቱ ውስጥ ብትገባ ሒሳቡ ሁሉ ይበላሻል። ከዚያ ገላውን ታጥቦ የሆስፒታል ልብስ ለብሶ አንድ ክፍል ውስጥ 24 ሰዓት ይቀመጣል፤ የሚሸናውም አንድ ጠብታ ሳይቀር ይሰበሰባል። ሽንቱ በኬሚካል ይጣራና የቀረችው የማትታይ ቅሪት በስስ ብረት ላይ ተደርጋ በየደቂቃው ስንት አልፋ እንደምትተፋ ይቆጠራል። በየቀኑ ደግሞ የአፍንጫ ቀዳዳ በወረቀት ተጠርጎ ይመረመር ነበር፤ አፍንጫው ቆሽሾ የተገኘ ሰው ወደ ሽንቱ ክፍል ይላካል።

ዳሩ ግን እዚህ ላይ ትልቁ እንቅፋት መጣ። የሚያዥ እንስራ አስቡ። ከሥሩ የሚንጠባጠበውን ቆጥረን በውስጡ ስንት እንደ ቀረ ማወቅ እንፈልጋለን። እንስራው በቀን ስንት እጁን እንደሚያዥ ካላወቅን የጠብታው ቁጥር ምን ይጠቅመናል? ይህን ለማወቅ ደግሞ አንድ እንስራ ወስዶ የታወቀ መጠን ሞልቶበት መቁጠር ያስፈልጋል። ለአይጦች እንዲህ ተደረገ፤ የአይጥ ገላና የሰው ገላ ግን እኩል አያዥም።

ስለዚህ ሰው ተሞላ።

የመጀመሪያው ኢብ ኬድ ይባላል። ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ዕድሜው 53። ሥራው ሲሚንቶ ማቡካት ሲሆን ያቦካ የነበረውም በኦክ ሪጅ፣ ለዚያው ለቦምቡ በሚገነባው ከተማ ነው። መጋቢት 24 ቀን 1945 በመኪና አደጋ ክንዱና እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል ገባ። ሚያዝያ 10 ቀን 4.7 ማይክሮግራም ፕሉቶኒየም በደም ሥሩ ተወጋ። ስብራቱ የተጠገነው ከአምስት ቀን በኋላ ነው፤ ያኔም ከአጥንቱ ናሙና ተወሰደ። ፕሉቶኒየሙ ጥርስ ውስጥ መግባቱን ለማየትም 15 ጥርሶቹ ተነቀሉ። በወረቀት ላይ ስሙ ኢብ ኬድ አልነበረም፤ «ኤችፒ-12» ነበር። «ፕሮዳክት» ማለትም «ምርት» በዚያን ጊዜ የፕሉቶኒየም የምሥጢር ስም ነው። ኬድ በ1953 በልብ ድካም ሞተ።

እኛን ያስደነገጠን ምኑ ነው ቢባል፣ ሰውዬው ሠራተኛ መሆኑ ነው። ልኬቱ የተፈለገው ሠራተኛውን ከአደጋ ለመጠበቅ ነው እየተባለ የመጀመሪያው የተወጋው የዚያው ድርጅት ሲሚንቶ አቡኪ ሆነ! አንዱ ሠራተኛ የሚጠበቅ፣ ሌላው መስፈሪያ ሆነ ማለት ነው። ማን የትኛው እንደሚሆን የወሰነው ምን ይሆን? የኬድ ቆዳ ቀለም ከውሳኔው ውጪ ነበር የሚለን ካለ እኛ ለማመን ይቸግረናል።

ከሚያዝያ 1945 እስከ ሐምሌ 1947 በጠቅላላው 18 ሰዎች በኦክ ሪጅ፣ በቺካጎ፣ በሮቸስተርና በሳን ፍራንሲስኮ ተወጉ። ሁሉም ጥቁሮች አልነበሩም፤ ይህን በሐቅ መናገር ይገባል። አልበርት ስቲቨንስ ነጭ የቤት ቀቢ ነበር፤ የጨጓራ ካንሰር አለበት ተብሎ ግንቦት 1945 ተወጋ። ከዚያ ሆዱ ሲከፈት ካንሰር ሳይሆን ቁስለት ሆኖ ተገኘ። ሰውዬው ያንን ሁሉ ፕሉቶኒየም ተሸክሞ እስከ 1966 ኖረ። የመጨረሻው ኤልመር አለን ጥቁር የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ሐምሌ 18 ቀን 1947 እግሩ ላይ ተወጋ፣ ከሦስት ቀን በኋላ እግሩ ተቆረጠ። እስከ 1991 ኖረ። ቀድመው ይሞታሉ ተብለው የተመረጡ ሰዎች ከመራጮቻቸው ብዙዎቹን ያህል መኖራቸውን ስናነብ ሳቅ ይሁን ንዴት መጥቶብናል።

ለአብዛኞቹ የተወጉት ምን እንደ ሆነ አልተነገራቸውም፤ «ፕሉቶኒየም» የሚለው ቃል ራሱ እኮ ምሥጢር ነበር። በ1973 በሕይወት የነበሩ ጥቂቶች እንደገና ሲመረመሩ፣ ያኔ ቦምቡ ከታወቀ 28 ዓመት አልፎት፣ አሁንም እውነተኛው ምክንያት አልተገለጠላቸውም። ስማቸውን ከቁጥር አውጥታ ለዓለም የሰጠችው ኢሊን ዌልሰም የተባለች የአልበከርኪ ጋዜጠኛ ናት፤ ይኸውም በ1993። በማግስቱ ዓመት ፑሊትዘር ተሸለመችበት። መርማሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ጥቅምት 3 ቀን 1995 ፕሬዚዳንት ክሊንተን በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ።

ለመሆኑ ከዚያ ሁሉ ምን ተገኘ? አንድ ቀመር። ላንግሃም የ18ቱን ሰዎች ሽንት ቆጥሮ የሰው ገላ በመጀመሪያው ቀን ከተቀበለው ከመቶ 0.2 እጅ ያህል ብቻ እንደሚያወጣ፣ ከአንድ ወር በኋላ ግን በቀን ከመቶ 0.02 እጅ በታች እንደሚሆን፣ ከዚያም እያነሰ እያነሰ እንደሚሄድ አሳየ። ማለትም እንስራው ማዠቱን ሊያቆም ትንሽ ነው የሚቀረው። የገባው በአብዛኛው እስከ መቃብር አብሮ ይኖራል። መጀመሪያ 5 ማይክሮግራም ድረስ ይፈቀዳል ተብሎ የነበረው በ1945 ወደ 1 ወረደ፤ ኋላም ወደ 0.6 ገደማ ተወሰነ። በኋላ በተለያዩ አገሮች የፕሉቶኒየም ሠራተኞች ሽንት ሲመረመር ለብዙ ዓመታት ሒሳቡ የተሠራው በዚያ ቀመር ነው። ጠቅሟል፤ አልጠቀመም ብሎ መከራከር አይቻልም። ነውሩንም ከጥቅሙ የሚያስቀድም ክርክር አላገኘንም፤ ሁለቱም በአንድ ወረቀት ላይ ነው የተጻፉት።

በሎስ አላሞስ በጦርነቱ ጊዜ ብዙ ፕሉቶኒየም የገባባቸው 26 ወንዶች ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በየጊዜው ይመረመሩ ነበር። ራሳቸውን «ዩፒፒዩ» ብለው ሰየሙ። «ፒዩ» የፕሉቶኒየም የኬሚስትሪ ምልክት ነው፤ ሲነበብም በእንግሊዝኛ «ፕሉቶኒየም ትሸናለህ» እንደ ማለት ይሆናል። የሠራተኛ ቀልድ የትም ያው ነው። እስከ 1994 መጨረሻ ከነሱ የሞቱት 7 ናቸው፤ በዕድሜያቸው ሊሞቱ ይጠበቁ የነበሩት ግን 16 ያህል ነበሩ። አንዱ የሞተው በአጥንት ካንሰር ነው። ከዚህ ተነሥቶ ፕሉቶኒየም አይጎዳም የሚል ሰው ካለ፣ ከ1948 ጀምሮ በኡራል ግርጌ በማያክ ፋብሪካ የሠሩትን ሶቪየታውያን ይጠይቅ። እዚያ ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ሴቶች ጭምር ያለ በቂ መከላከያ ሠሩ፤ የሳንባ፣ የጉበትና የአጥንት ካንሰር ከፕሉቶኒየሙ መጠን ጋር አብሮ እንደሚያድግ በነሱ ገላ ተረጋገጠ። ካፒታሊዝምም ሶሻሊዝምም በዚህ ጉዳይ አንድ ዓይነት አቧራ ነው ያተነፈሱት። 26 ሰው ጥቂት ነው፤ ማያክ ብዙ ነው።

ልኬት የጦር መሣሪያም ይሆናል። በ1974 በኦክላሆማ የፕሉቶኒየም ነዳጅ ፋብሪካ ትሠራ የነበረችው የ28 ዓመቷ ካረን ሲልክውድ የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ ነበረች፤ የጓደኞቿን ደኅንነት ጉዳይ ታነሣ ነበር። በኅዳር ወር እሷም ቤቷም በፕሉቶኒየም ተበክለው ተገኙ። ከሽንት ናሙናዎቿ አንዳንዶቹ ከገላዋ ከወጡ በኋላ ፕሉቶኒየም የተጨመረባቸው ነበሩ። ማን ጨመረ? ኩባንያው ራሷ ናት አለ፤ ወገኖቿ ሌላ አሉ። ኅዳር 13 ቀን ለጋዜጠኛ ሰነድ ልትሰጥ ስትሄድ በመኪና አደጋ ሞተች። ዳኞች በ1979 ለቤተሰቧ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈረዱ፤ ብዙ ከተሟገቱ በኋላ በ1986 በ1.38 ሚሊዮን ታረቁ። ከሞተች በኋላ ገላዋ ውስጥ ያለው ተለካ። በ1968 የተቋቋመው የአሜሪካ መዝገብም እንዲሁ ያደርጋል፤ ሠራተኞች በፈቃዳቸው ከሞቱ በኋላ ገላቸውን ይሰጡታል፤ በሽንት የተገመተው በአጥንትና በጉበት ከተገኘው ጋር ይነጻጸራል። የድሮው ግምት ብዙ ጊዜ ከእውነቱ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። በፈቃዳቸው! ይህች አንዲት ቃል ከኬድ ጥርስ እስከዚህ ድረስ ስንት ዓመት ፈጀባት።

አፍሪካ በዚህ ታሪክ የለችም እንዴ? አለች። ያ ሁሉ ሲሠራ ዩራኒየሙ በብዛት የመጣው ከቤልጅግ ኮንጎ፣ ከሺንኮሎብዌ ማዕድን ነው፤ በ1942 ኒው ዮርክ አጠገብ ተከማችቶ የነበረ ከ1,000 ቶን በላይ ማዕድን ለአሜሪካ ጦር ተሸጠ። ኮንጓውያን ማዕድኑን በእጃቸው ይለቅሙት ነበር። ባነበብነው ታሪክ ውስጥ የሎስ አላሞሱ ሰው 24 ሰዓት ሽንቱ ሲሰበሰብ አየን፤ የሺንኮሎብዌን ለቃሚ ሽንት የሚሰበስብ ክፍል አላየንም።

በአገራችን የፕሉቶኒየም ፋብሪካ የለም። የሠራተኛ አጥንት ሒሳብ ግን አለ። በመኝታ ክፍላችን የስምጥ ሸለቆ ልጅ የሆነ ጓደኛ አለን፤ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል፤ ጥርሱ ቡናማ ነውና። ውኃው ነው፤ ፍሎራይድ። በ1946 ዓ.ም. ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ወንጂ ላይ የስኳር ፋብሪካ ሲከፍት ከየአገሩ የመጣው ሠራተኛ የጉድጓድ ውኃ ይጠጣ ነበር። በዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ በአንድ ሊትር የሚፈቀደው ፍሎራይድ 1.5 ሚሊግራም ነው፤ የወንጂ ጉድጓዶች ከዚያ እጅግ ያልፉ ነበር። ፍሎራይድም እንደ ራዲየምና እንደ ፕሉቶኒየም አጥንት ይወዳል፤ የቀረው በሽንት ይወጣል፤ ስለዚህ የሚለካውም በዚያው በሽንት ነው። ልጅ ሆኖ የጠጣው ጥርሱ ይበላሻል። ለአሥርና ለሃያ ዓመት የጠጣው ሸንኮራ ቆራጭ ግን አከርካሪው እንደ ብርቱ እንጨት ይገተራል፣ አንገቱ አልዞር ይላል፣ የከፋበት አጥንቱ ነርቩን ተጭኖ እግሩን ይይዘዋል። እነ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ይህን መርምረው አሳትመዋል፤ ፍሎራይድ ማጣሪያም ተተክሏል። ጉድጓዱ ግን ከማጣሪያው ቀድሟል፤ አጥንትም ከምርመራው ቀድሟል።

ለመስከረም በዓል ከሚሴ ስንገባ የጓደኛችንን ክንድ ያነሡትን ሰው ሻይ ቤት አገኘናቸውና ያነበብነውን አጫወትናቸው። ስለ ማስቲክ ስንነግራቸው ሳቁ። ስለ ኬድ ስንነግራቸው ዝም ብለው ብርጭቋቸውን አዞሩት።

«ስንት ጥርስ አላችሁኝ?»

«አሥራ አምስት።»

«ታዲያ አስከሬኑን ለቤተሰቡ ሲሰጡ ጥርሱን መለሱለት?»

ይህንን መጽሐፎቹ አይሉም ጋሼ አልናቸው። ከደረታቸው ያችን ቁጥር ያለባትን ነገር ነቅለው ወደ ሥራ ሲመለሱ እንዳይረሷት ከቁልፋቸው ጋር አሰሯት።